ከልብሱ የወጣው ውኃ የት ገባ? የአንድ ሐረር ቤት የክረምት ጉዳይ

ጉዳዩ የተፈጸመው በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ጳጉሜን ባለው ጊዜ፣ በሐረር ጁገል ውስጥ ከኤረር በር ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ ነው። እኔ በሙያዬ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ በዚያው ግቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ እኖር ስለነበር ነገሩን መጀመሪያ እንደ ጎረቤት፣ በኋላም ሚዛንና ደብተር ይዤ ተከታትዬዋለሁ። የቤተሰቡን ስም አልጠቅስም፤ ለመጻፍ ግን ፈቃዳቸውን ጠይቄ አግኝቻለሁ። ሲነገር ተራ ነገር ነው፤ በክረምት ልብስ አልደርቅ አለ። ከዚህ ተራ ነገር ተነሥቶ ግን የሕፃን ልብስ ሸተተ፣ ግድግዳ ሻገተ፣ አከራይና ተከራይ ተቀያየሙ፣ አንድ ሌሊትም ሰው በከሰል ሊታፈን ጥቂት ቀረው።

ቤቱ፣ ቤተሰቡና ውኃው

ግቢው ውስጥ ያለው ቤት አሮጌ የድንጋይ ቤት ሲሆን ከብዙ ዓመት በፊት ለሁለት ተከፍሏል። አንደኛውን ወገን የቤቱ ባለቤት፣ ዕድሜያቸው የገፋ የሐረሪ ተወላጅ እናት፣ ይኖሩበታል፤ ነደባ የሚባለው ደረጃ ደረጃ ያለው መደብ፣ ምንጣፉና በግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ባለቀለም ሰፌዶች እስከ ዛሬ እንደነበሩ ናቸው። በሌላኛው ወገን ባልና ሚስት፣ ሁለት ተማሪ ልጆቻቸውና በሰኔ የተወለደች ሕፃን ይኖራሉ፤ ልጃቸውን ሊያርሱ ከድሬዳዋ የመጡት አያትም እስከ መስከረም አብረዋቸው ነበሩ። ስድስት ሰው የሚያድርበት ክፍል አራት ሜትር በአራት ሜትር ተኩል፣ ቁመቱም ሁለት ሜትር ከሰማንያ ነው፤ ወደ 50 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል ማለት ነው። አንድ በር ወደ ግቢው፣ አንዲት ትንሽ መስኮት ደግሞ በስተጀርባ ወዳለው ቀጭን መተላለፊያ ትከፈታለች።

ግድግዳው በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነው፤ ውፍረቱ ከግማሽ ሜትር ይበልጣል። እንዲህ ያለ ግድግዳ በበጋ ቤቱን ያቀዘቅዛል፤ በክረምት ግን ፀሐይ ለቀናት ስትጠፋ ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል። ድሮ ግድግዳው በየጊዜው ኖራ ይቀባ ነበር። ተከራዮቹ የሚኖሩበት ክፍል ግን፣ ልጆች እንዳያቆሽሹት ተብሎ፣ እስከ ደረት ድረስ በዘይት ቀለም ተቀብቷል። ኖራ እርጥበት ተቀብሎ መልሶ ይተነፍሳል፤ የዘይት ቀለም ግን እንደ ሳህን ነው፣ ውኃው ላዩ ላይ ይቀመጣል። ሌላ መስኮት ይከፈት እንዳይባል ደግሞ ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ከተማ በመሆኑ ማንም ተነሥቶ የውጭ ግድግዳ እንደ ልቡ አይቀድም። ስለዚህ መፍትሔው ካለ፣ ባለችው መስኮትና ባለው በር መገኘት ነበረበት።

ውኃ በቧንቧ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ይህ ከልብስ መድረቅ ጋር የማይገናኝ ይመስላል፤ የጉዳዩ አንዱ ሥር ግን እሱ ሆኖ ተገኘ። እናቲቱ ውኃ በመጣ ቀን የሳምንቱን ልብስ ሁሉ፣ አንሶላውንም ፎጣውንም የሕፃኗንም ጨርቅ፣ በአንድ ጊዜ ታጥባለች። በበጋ ይህ ብልህነት ነው። በነሐሴ ግን ስድስት ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ የስድስት ሰው እርጥብ ልብስ በአንድ ሌሊት ይሰቀላል።

ሌላውን ሥር ያገኘሁት አያትየው ልብስ ሲያጥቡ ሳይ ነው። እሳቸውም ልጃቸውም ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉ ናቸው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በመንገድ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው፣ ለልብስ ግን ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው። ድሬ ላይ ልብስ ከሳፋው አውጥቶ አንዴ ጨመቅ አድርጎ እየተንጠባጠበ ገመድ ላይ መጣል ነው፤ የቀረውን ፀሐይዋ ትጨርሰዋለች። እንዲያውም አያትየው፣ አጥብቆ መጠምዘዝ ጨርቅ ይጎዳል ብለው ያምኑ ነበር፤ ጨርሶ ተሳስተዋል ማለትም አይቻልም። ይህ እጅ ግን የተሠራው ለሌላ አየር ነው።

የታየው ችግር

በሐምሌ መጨረሻ ሳምንት ዝናቡ ብዙ ቀን ከሰዓት በኋላ እየጀመረ እስከ ማታ ይዘልቅ ነበር። ጠዋት ግቢው ውስጥ የተሰጣው ልብስ እኩል ደርቆ እኩሉ ሳይደርቅ ይሰበሰብና በክፍሉ ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተወጠሩ ሦስት ገመዶች ላይ ይሰቀላል። ብርድ እንዳይገባ፣ በተለይም አራስና ሕፃን ስላሉ፣ በሩም መስኮቱም ይዘጋል። ጠዋት ሲነሡ የመስኮቱ መስታወት በውስጥ በኩል ውኃ ያዘንባል፣ ልብሱም ያው እርጥብ ነው። አንድ አንሶላ ለመድረቅ ሁለት ቀን፣ ጋቢማ አራት ድርብ ነውና አራት ቀን ፈጀ፤ በአራተኛውም ቀን ጫፉ ደርቆ መሐሉ ቀዝቃዛ ነበር።

ከዚያ ጠረኑ መጣ። ታጥቦ የደረቀ ፎጣ ፊት ሲጠረግበት፣ ውኃ ሲነካው፣ ያ ሁሉም ሰው የሚያውቀው የክረምት ሽታ ይነሣል። እናቲቱ ሳሙና ጨመረች፣ ሁለቴ አጠበች፣ በመጨረሻም የሕፃኗን ልብስ ሳይቀር ዕጣን አጠነችው። ዕጣኑ ለአንድ ቀን ያህል ሸፈነው።

ነሐሴ ሲገባ ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው ሲነሣ ከበስተጀርባው ጥቁር ነጠብጣብ ሻጋታ እንደ ካርታ ተዘርግቶ ተገኘ። በዚያው ሳምንት የቤቱ ባለቤት፣ በጋራ ግድግዳው ላይ ከሰቀሏቸው ሰፌዶች ሁለቱ ከጀርባቸው አመድ መስለው ሸብተው አገኟቸው። ሰፌዶቹ ከሠርጋቸው ጀምሮ ያሉ ናቸው። ወደ እኔ መጥተው፣ «መምህር፣ ይህ ቤት ምን ሆኖ ነው የሚያልበው? እኔ ሰባ ዓመት ስኖርበት አላበውም ነበር» አሉኝ። ተከራዮቹን በቀጥታ አልወቀሱም፤ ድምፃቸው ውስጥ ግን ወቀሳው ነበር። ተከራዮቹ በበኩላቸው ጣራው ያፈሳል ብለው ያምኑ ነበር። ሁለቱም ወገን ከፊል እውነት እንደነበራቸው በኋላ ታይቷል።

የከሰሉ ሌሊት

አባትየው ነገሩን በሙቀት ለመፍታት ወሰነ፤ ማንም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው። ከሰል ደጅ አቀጣጥሎ፣ ጭሱ አልቆ ፍም ብቻ ሲቀር ምድጃውን ወደ ክፍሉ አስገብቶ ከገመዶቹ ሥር አስቀመጠው። ይህን ለሦስት ሌሊት አደረገ። በሦስተኛው ሌሊት አያትየው ራሳቸውን ወግቷቸው፣ አቅለሽልሿቸው ነቁ፤ እናቲቱም ለመቆም ጉልበቷ ከዳት። አያትየው ልምድ ያላቸው ሰው ናቸውና በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ሕፃኗን አቅፈው ደጅ ወጡ፣ ሌሎቹንም ቀሰቀሱ። ንጹሕ አየር ሲያገኙ ተሻላቸው፤ ሲነጋ ሁሉም በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ ታይተው በደኅና ተመለሱ።

በማግሥቱ አባትየውን ሳነጋግረው፣ «አቦ፣ ከሰሉ እኮ ጭስ አልነበረውም፣ ፍም ብቻ ነው» አለኝ። አደጋው ያለው እዚሁ ላይ ነው። የተፋመ ከሰል ጭስ አይታይበትም፣ ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያለማቋረጥ ይለቃል። ይህ ጋዝ ቀለምም ጠረንም ስለሌለው የተኛ ሰው አያውቀውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዝና እንቅልፉን ያረዝመዋል። ቡና ተፈልቶ በሩ ክፍት ሆኖ ከሚቀመጥ ምድጃ ጋር አንድ አይደለም። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ በፍጹም የማይደገመው ይህ ነው፤ ስለዚህ ምድጃው ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ እንዳያድር ተስማማን።

ከአደጋውም በላይ ሙቀቱ የታሰበለትን ሥራ አልሠራም ነበር። ሞቃት አየር ከቀዝቃዛ አየር ይልቅ ብዙ ተን መያዝ ይችላል፤ ስለዚህ ከሰሉ ሲጋል ልብሱ ቶሎ ቶሎ መትነን ይጀምራል። ያ ተን ግን ክፍሉ ተዘግቷልና የሚሄድበት የለም። ለምሳሌ 22 ዲግሪ የሞቀና እርጥበቱ 85 በመቶ የደረሰ፣ ማለትም መያዝ ከሚችለው ተን 85 በመቶውን የያዘ፣ አየር 19 ዲግሪ ገደማ የሆነ ነገር ሲነካ ጠል ያወርዳል። በዘይት ቀለም የተቀባው የሰሜን ግድግዳ ከዚህ እጅግ ይቀዘቅዛል። እንግዲህ ከሰሉ ያደረገው ውኃውን ከአንሶላው ወስዶ ግድግዳው ላይ መቀባት ነበር። እሳቱ ሲጠፋ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ከፊሉም ተመልሶ ልብሱ ላይ ያርፋል። ለሦስት ሌሊት የተቃጠለው ከሰል ሻጋታውን ቀለበው እንጂ ልብሱን አላደረቀውም።

ሚዛኑ

ከዚህ በኋላ ከጎረቤት ሱቅ ተንጠልጣይ ሚዛን ተውሰን የአንድ እጥበት ልብስ መዘንን። ደረቁ ልብስ 4.2 ኪሎ ሆነ። ታጥቦ፣ በአያትየው እጅ ጨመቅ ተደርጎ ሲመዘን 9.1 ኪሎ ደረሰ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነውና ወደ አምስት ሊትር የሚጠጋ ውኃ ክፍሉ ውስጥ ተሰቅሎ ያድር ነበር ማለት ነው። አንድ ሰው ባለ አምስት ሊትር ጄሪካን ሞልቶ ወለሉ ላይ ቢያፈስባቸው ቤተሰቡ ይጮኻል፤ ከገመድ ላይ በተን መልክ ሲፈስ ግን የሚያየው የለም። እናቲቱ ጄሪካኑን እያየች ዝም አለች፤ እኔም ከዚያ በኋላ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ስሌቱን እንቀጥል። አየር 18 ዲግሪ ሲሆን አንድ ሜትር ኩቡ ቢበዛ 15 ግራም ያህል ተን ይይዛል፤ ስለዚህ 50 ሜትር ኩብ የሆነው ክፍል ጢም ብሎ ቢሞላ እንኳ 770 ግራም ገደማ ነው የሚችለው። ክረምት ላይ አየሩ አስቀድሞ 80 በመቶ ያህል የጠገበ ከሆነ የቀረው ቦታ 150 ግራም ቢሆን ነው፤ ይህም አንድ ብርጭቆ ውኃ እንኳ አይሞላም። አምስት ሊትሩ እንዲወጣ የክፍሉ አየር ከ30 ጊዜ በላይ በሌላ አየር መተካት አለበት፤ እነሱ ግን በሩንም መስኮቱንም ዘግተው ያድሩ ነበር። በዚያ ላይ የተኛ ሰው በትንፋሹና በቆዳው በሰዓት በግምት 40 ግራም ተን ያወጣል፤ ስድስት ሰው በስምንት ሰዓት ሁለት ሊትር ገደማ ይጨምራል። ክፍሉ ያለ ልብስም ቢሆን በሌሊት ሥራ ነበረበት።

ድሬዳዋን ለማነጻጸር ያህል፣ 32 ዲግሪ ሙቀትና 50 በመቶ እርጥበት ባለው ከሰዓት በኋላ አንድ ሜትር ኩብ አየር 17 ግራም ያህል ተጨማሪ ተን መቀበል ይችላል። በሐረሩ ክፍል ውስጥ ያው መጠን አየር የሚቀበለው ሦስት ግራም ያህል ነበር። አያትየው ይህን ስነግራቸው፣ «ታዲያ ድሬ ልላከውና ደርቆ ይምጣ በሉኝ» ብለው ሳቁ። ቀልድ ብቻ አልነበረም፤ ትልቁ ብርድ ልብስ እሑድ ዕለት ከሚኒባስ ጋር ወርዶ ማክሰኞ ደርቆ መጥቷል።

በዝናብ መስኮት መክፈት

ቤተሰቡን ለማሳመን ከሁሉ በላይ የከበደኝ፣ ዝናብ እየዘነበም ቢሆን መስኮት መክፈት ቤቱን ያደርቃል የሚለው ነው። «ውጭ እርጥብ ነው፤ ከከፈትን እርጥበት ይገባል» የሚለው ክርክር ትክክል ይመስላል፣ እኔም ተማሪ ሳለሁ አምነው ነበር። ነገር ግን የውጭው አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ እርጥበቱ መቶ በመቶ ቢሆን እንኳ፣ በውስጡ ያለው የውኃ መጠን ትንሽ ነው። 14 ዲግሪ የሆነና ተን የጠገበ የሌሊት አየር በአንድ ሜትር ኩብ 12 ግራም ያህል ይይዛል። ይህ አየር ገብቶ በሰዎቹና በግድግዳው ሙቀት 20 ዲግሪ ሲደርስ 17 ግራም መያዝ ስለሚችል እርጥበቱ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ማለትም ዝናብ ካለበት ደጅ የገባው አየር ቤት ውስጥ ሲሞቅ የተጠማ አየር ይሆናል። እያንዳንዱ ሜትር ኩብ እስከ አምስት ግራም ያህል ተሸክሞ መውጣት ይችላል።

የሚወጣበት ግን መኖር አለበት። መስኮት ብቻ ተከፍቶ በሩ ከተዘጋ አየሩ እዚያው ይንቀሳቀሳል እንጂ አያልፍም፤ ሁለቱ ትይዩ ሆነው ስንጥቅ ያህል ክፍት ሲሆኑ ግን ክፍሉ መተላለፊያ ይሆናል። ለሕፃኗ የሚሰጋው ነፋሱ በቀጥታ እንዳይመታት ነው፤ ስለዚህ አልጋው ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ማዕዘኑ ተዛወረ፣ ገመዶቹ ደግሞ ከማዕዘኑ ወጥተው በመስመሩ ላይ ተወጠሩ። ይህ አንድ ከሰዓት በኋላ የፈጀ ሥራ ነው፤ ዕቃ ማንቀሳቀስ ብቻ።

የተለወጠው

መጀመሪያ የተለወጠው መጭመቁ ነው። በእጅ የሚወጣ ውኃ በአየር ከሚወጣ ውኃ ጋር በድካምም በወጪም አይወዳደርም፤ አንድ ሊትር ውኃ ለማትነን 0.68 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል፣ ሳፋ ላይ መጠምዘዝ ግን የሰው ክንድ ብቻ ይበቃዋል። አንሶላና ጂንስ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይዞ እንዲጠመዝዘው፣ የሕፃኗ ልብስና ቀጫጭኑ ደግሞ በደረቅ ፎጣ ተጠቅልሎ በጉልበት እንዲጫን ተደረገ። ሁለቱ ተማሪዎች ጠምዛዥ ሆኑ፤ ለእነሱ ጨዋታ ነበር። ያው 4.2 ኪሎ ልብስ በሚቀጥለው እጥበት ተጠምዝዞ ሲመዘን 7.4 ኪሎ ሆነ። ወደ አምስት ሊትር የነበረው ውኃ 3.2 ሊትር ደረሰ፤ የተቀነሰውን 1.7 ሊትር በአየር ለማውጣት 1,000 ዋት የሚስብ ካውያ ከአንድ ሰዓት በላይ እንዲሠራ ያህል ኃይል በጠየቀ ነበር። አያትየው ስለ ጨርቁ የነበራቸው ስጋት ተከብሮ ነጠላና ሹራብ ከመጠምዘዝ ቀርተው በፎጣ ብቻ ተጫኑ።

ቀጥሎ የእጥበቱ መጠን ተከፋፈለ። ክረምት ላይ የቧንቧ ውኃ ፈረቃ ቢሆንም ከቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርድ ውኃ ሞልቷል፤ ከታዛው ሥር አንድ በርሜል ተቀምጦ ለየቀኑ ጥቂት ልብስ የሚሆን ውኃ ተገኘ። የዝናብ ውኃ ለስላሳ ስለሆነ ሳሙና ቶሎ ያረፋል፣ ማለቅለቂያውም ይቀንሳል፤ ይህን አያትየው ከእኔ በፊት ያውቁት ነበር። የሳምንት ልብስ በአንድ ሌሊት መስቀል ሲቀር ሦስቱ ገመዶች አንድ ሆኑ። በአንዱም ላይ ልብስ ከልብስ ቢያንስ አንድ መዳፍ ያህል ተራርቆ እንዲሰቀል፣ ከግድግዳም እንዲርቅ፣ የሱሪ ኪስ ወደ ውጭ እንዲገለበጥ ተስማማን። በታዛው ሥር ደግሞ ሌላ ገመድ ተወጥሮ የሚንጠባጠበው ሁሉ መጀመሪያ እዚያ እንዲያርፍ ሆነ፤ ወደ ክፍሉ የሚገባው ነጠብጣቡ ያቆመው ብቻ ነው።

ከድሬዳዋ የመጣች አንዲት የቆመች ቬንቲሌተር የሥራውን ግማሽ ሠራች ማለት እችላለሁ። ሐረር ውስጥ ቬንቲሌተር ያለው ሰው ብዙ አይደለም፣ ማን ይበርደው ብሎ! አያትየው ግን ከቤታቸው አስመጡ። ቬንቲሌተር አየሩን አያሞቀውም፤ ልብሱ ላይ የተጣበቀውን ተን የጠገበ ቀጭን አየር እየገፈፈ ወደ መስኮቱ ይነዳዋል። 50 ዋት የምትስብ ስለሆነች ስምንት ሰዓት ብትሠራ ከግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት አትበልጥም። መብራት በሚጠፋ ቀን በሩና መስኮቱ ብቻቸውን ይሠሩ ነበር፤ በዚያ ቀን ልብሱ ግማሽ ቀን ይዘገያል።

ጋቢን በተመለከተ ውሳኔው አጭር ነበር፦ ከሐምሌ እስከ መስከረም አይታጠብም። ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር ይሰጣል፣ ይራገፋል፣ ይገባል።

በእነዚህ ለውጦች በነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት አንሶላ በአንድ ቀንና በከፊል ሌሊት፣ የሕፃኗ ልብስ ከጠዋት እስከ ማታ ባለው ጊዜ ውስጥ መድረቅ ጀመረ። የመስኮቱ መስታወት ጠዋት ጠዋት ጉም መያዙ አልቀረም፤ ውኃ ማዝነቡ ግን ቆመ።

ጠረኑና ሻጋታው

የጠረኑ ነገር ለብቻው መታከም ነበረበት፤ ቶሎ በማድረቅ አዲስ ጠረን እንዳይፈጠር ማድረግ ይቻላል፣ የተፈጠረው ግን ፎጣው ውስጥ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የጃፓን ተመራማሪዎች፣ ቤት ውስጥ ቀስ ብሎ የደረቀ ልብስ የሚሸተው ሞራክሴላ ኦስሎኤንሲስ በተባለች ባክቴሪያ ምክንያት መሆኑን አሳይተዋል። ባክቴሪያዋ በጨርቁ ላይ ከቀረው የላብና የቆዳ ቅባት አንድ ሽታው ኃይለኛ አሲድ ትሠራለች፤ ልብስ ሲደርቅ በቀላሉ አትሞትም፣ ፀሐይንም ከብዙዎቹ በተሻለ ትቋቋማለች። ስለዚህ ነው ፎጣ ደርቆ ታጥፎ ምንም ሳይሸት፣ ውኃ ሲነካው ሽታው የሚነሣው። ሳሙና መጨመርም ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ብዙ አይጠቅምም። ፎጣዎቹና የሕፃኗ ጨርቆች በትልቅ ድስት ውኃ ውስጥ ገብተው ለጥቂት ደቂቃ ተቀቀሉ፤ እናቶቻችን የሕፃን ጨርቅ ይቀቅሉ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጠረኑ ጠፋ፣ ዕጣኑም ወደ ቡናው ተመለሰ።

እዚህ ላይ አንድ ስጋት ነበረኝ። እናቲቱ የሽንት ጨርቆቹን በረኪና ውስጥ ልትዘፈዝፍ ነበር። በረኪና ከሽንት ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብ ክፍል፣ ሕፃን ባለበት፣ ይህ አይደረግም። መጀመሪያ በውኃ ብቻ በደንብ ተለቅልቆ ሽንቱ ከወጣ በኋላ መቀቀሉ ስለበቃ በረኪናው ሳይነካ ቀረ።

ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ሻጋታ በእርጥብ ጨርቅ ተጠረገ፤ ደረቁን መቦረሽ ዘሩን በክፍሉ ውስጥ መበተን ነው። ከዚያ የዘይት ቀለሙ በዚያ ግድግዳ ላይ ተፍቆ ወልቆ ኖራ ተቀባ። ኖራ ሻጋታ የማይወደው ኃይለኛ ቤዝ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ነው፤ ግድግዳውም እንደገና መተንፈስ ይችላል። ይህን ሥራ የቤቱ ባለቤት በራሳቸው ወጪ አሠሩት፤ ኖራው እየተቀባ ሳለም በልጅነታቸው ለዒድ ግድግዳ ሲቀቡ እጃቸው ይላጥ እንደነበር እያወሩ ከተከራዮቹ ጋር ቡና ጠጡ። ቁም ሳጥኑ ሲመለስ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ራቀ። ሰፌዶቹ ደጅ ፀሐይ ላይ ውለው፣ በደረቅ ብሩሽ ተጠርገው፣ ከጋራ ግድግዳው ወደ ፊት ለፊቱ ተዛወሩ፤ ከሁለቱ አንዱ ጠርዙ ላይ ግራጫው አልለቀቀም።

ያልተፈታው

በነሐሴ መጨረሻ፣ ሁሉም ነገር ከተስተካከለ በኋላ፣ በክፍሉ የምሥራቅ ማዕዘን ከጣራው በታች አንድ ክንድ የሚያህል እርጥብ ቦታ አልደርቅ አለ። ይህ ከልብሱ ነው ወይስ ከጣራው የሚለው የድሮው ክርክር ተመለሰ። ክርክሩን ለመፍታት አንድ የላስቲክ ቁራጭ ቦታው ላይ አድርገን አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ለጥፈን አራት ቀን ተውነው። ላስቲኩ በክፍሉ በኩል ባለው ፊቱ ላይ ጤዛ ከያዘ እርጥበቱ ከክፍሉ አየር ነው፤ በግድግዳው በኩል ባለው ፊቱ ላይ ከያዘ ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚመጣው።

በአራተኛው ቀን ላስቲኩን ሁላችንም ባለንበት አነሣነው። በክፍሉ በኩል ደረቅ ነበር፤ ከጀርባው ግን ውኃው በጠብታ ወረደ። ከላይ ያለው አሸንዳ ተሰንጥቆ ውኃውን ወደ ጭቃው ያስገባ ነበር። የቤቱ ባለቤት ላስቲኩን በእጃቸው ይዘው አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ «እንግዲህ ይሄ የኔ ነው» አሉ። ጭቃው ሳይደርቅ መነካካት ስለማይገባ የአሸንዳው ጥገና ለጥቅምት ተቀጠረ። እስከዚያው ድረስ ተከራዮቹ ከዚያ ማዕዘን አጠገብ ምንም ነገር እንዳያስጠጉ፣ ገመዱም ከእሱ ራቅ ብሎ እንዲወጠር ሆነ።